ጽዋ አይታማም

በሰፊው ውቅያኖስ መካከል ባለችው በአቲዩ ደሴት ላይ ካሉት ሹማምንት ሁሉ ፓፓ ራኬይ በማዕረግ የመጨረሻው፣ በመፈራት ግን የመጀመሪያው ነበሩ። ደሴቲቱ ከንቲባ አላት፣ ፓስተር አላት፣ አንድ ፖሊስም አላት። ከንቲባው ሲናገር ሰው ያዛጋል። ፓስተሩ ሲናገር ያንቀላፋል። ፖሊሱ እንኳንስ ሊናገር ቢያስነጥስም ይሳቅበታል። ፓፓ ራኬይ የኮኮናት ቅላቸውን በበርሜሉ ከንፈር ላይ ኳ! ሲያደርጉት ግን በር ላይ የተኛው ውሻ ሳይቀር ማከኩን ያቆማል። ቀጂ ናቸዋ!

ግዛታቸው ቱሙኑ ቤት ነው። ቱሙኑ ማለት በጥንት ጊዜ የብርቱካን ጠላ የሚጠነሰስበት የተቦረቦረ የኮኮናት ግንድ ነበር፤ ዛሬ ጠላው በሰማያዊ የላስቲክ በርሜል ነው የሚጠነሰሰው። ግንዱም ለክብሩ ሲባል ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ እንደ ጡረተኛ ሁሉ ሰው ሲያልፍ ይሳለመዋል እንጂ ሥራ አይሰጠውም። ቤቱ የዘንባባ ክዳን አለው፣ ግድግዳ የለውም። ሰዎቹ በአግዳሚ ላይ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ጽዋው አንድ ነው። ፓፓ ራኬይ ቀድተው ይሰጣሉ፤ የተሰጠው ሰው በአንድ ትንፋሽ ጭልጥ አድርጎ ቅሉን ይመልሳል፤ ደግሞ ተቀድቶ ለቀጣዩ ይሰጣል። መሐል ላይ ቅሉ ኳ ይላል፣ ጸሎት ይደረሳል፣ እንግዳ ካለ ደግሞ ተነሥቶ ማን እንደ ሆነ፣ ከየት እንደ መጣ፣ ለምን እንደ መጣ ይናገራል። ተናግሮ ሲቀመጥ እንግዳነቱ አበቃ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ማንኛውም ሰው መሰደብ ይችላል።

ይህ ሁሉ የየቱሙኑው ሥርዓት ነው። የፓፓ ራኬይ ቤት ብቻ ያለው አንድ ሕግ ግን አለ፤ ያወጡት አባታቸው ናቸው። ጽዋ አይታማም። ስለ ጠላው ጣዕም ክፉም ሆነ ደግ የተናገረ ሰው ሦስት ዙር ይታለፋል። በአባታቸው ዘመን ሁለት ወንድማማቾች «ቀጥኗል»፣ «አልቀጠነም» ተባብለው ተጣሉና እስኪሞቱ ድረስ በአንድ መንገድ አልሄዱም። ደሴቲቱ ያላት ደህና መንገድ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር። አንደኛው ዕድሜውን ሙሉ በጫካ ሲመላለስ ኖረ። ከዚያ ወዲህ ነው እንግዲህ ጽዋ የማይታማው።

ፓፓ ራኬይ ከዚህ የቀጂነት ወንበር ሌላ ብዙ የላቸውም። ታሮ የሚሉትን ጎደሬ የሚተክሉባት ጭቃማ ማሳ፣ ጉልበታቸውን የሚያነክት አሮጌ ሞተር ብስክሌት፣ አሳማ መሆናቸውን የረሱ፣ ከብት የሚያህሉ አሳማዎች፣ ባሕር ተሻግረው ኦክላንድ ከተማ ገብተው የቀሩ ልጆች። ጠዋት ሲነሡ ጉልበቱ የሚያመው አንድ ሽማግሌ ናቸው። ፀሐይ ዘንበል ስትል ቅሉን ያነሡና ሰው ይሆናሉ።

ወንበሩን የሚመኝ ደግሞ ጠፍቶ አያውቅም። የአጎታቸው ልጅ ቱታይ ምላሱ ምላጭ ነው፤ ጢሙን በምላሱ ነው የሚላጨው ይሉታል። ሃያ ዓመት ሙሉ ከቀጂው ቀጥሎ ባለው ቦታ ተቀምጦ፣ ፓፓ ራኬይ ባሳላቸው ቁጥር «እግዜር ይማርዎት ፓፓ፣ ፍራሽዎን ይዘርጉና ትንሽ ይረፉ እንጂ፤ እኔ እቀዳለሁ» ይላል። ርኅራኄው ወደር የለውም።

ታዲያ ያ ሁሉን ያዳረሰ ትኩሳት ደሴቲቱ ሲደርስ ፓፓ ራኬይም ተኙ። ሳምንት ተኝተው ተነሡ። ትኩሳቱ ሄደ፤ ሲሄድ ግን ባዶ እጁን አልሄደም። መጀመሪያ የበሰለ አናናስ ቆርጠው በሉ፤ እርጥብ ወረቀት ያኘኩ መሰላቸው። ወጥተው ከአሳማው ጋጥ አጠገብ ቆሙና በረዥሙ ሳቡ። ምንም። ጠጋ ብለው ደግመው ሳቡ። የሽታ ያለህ! አሳማዎቹ ራሳቸው ዞር ዞር እያሉ ይመለከቷቸው ጀመር።

«ይመለሳል» አሉ ለራሳቸው። ወራት ሄዱ፤ አልተመለሰም። ለማን ይናገሩ? አፍንጫ የሌለው ቀጂ ጆሮ የሌለው የመዝሙር መሪ ማለት ነው። ቱታይ ቢሰማ በዚያው ቀን ትራሱን ይዞ ወንበሩ ላይ ይገኛል። ስለዚህ ዝም አሉ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ?

ከዚያ ወዲህ ጠላ የሚጠነስሱት በዓይንና በጆሮ ሆነ። የአረፋውን ቀለም ያያሉ፤ ጆሯቸውን በርሜሉ ላይ ለጥፈው ሲንተከተክ ያዳምጣሉ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የጠጪዎቹን ፊት ያነባሉ። ችግሩ እዚህ ላይ ነበር። ጽዋ አይታማም እየተባለ ያደገ ፊት አይነበብም። እነዚያ ሰዎች መርዝ ቢጠጡ እንኳ ቅሉን በሁለት እጃቸው መልሰው፣ አፋቸውን ጠርገው፣ ከቤቱ ጀርባ ሄደው ነው የሚሞቱት።

በዚህ ዓመት ብርቱካኑ ቢጫ ሲሆን ፓፓ ራኬይ እንደ ልማዳቸው ለቀሙ፣ ጨመቁ፣ ማጥለያ ጨርቃቸውን ከባለቤታቸው ከማማ ንጋፖኮ የልብስ ገመድ ላይ ሳብ አድርገው አጠለሉ፣ ስኳርና እርሾ ጨምረው ከደኑ። አዲሱ ጠላ የደረሰ ዕለት ሰው ሁሉ ታጥቦ መጣ። የመጀመሪያው ጽዋ ለፖሊሱ ለቴአሪኪ ተሰጠ። ጭልጥ አደረገና ቅሉን መለሰ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ምነው ልጄ?» አሉ ፓፓ ራኬይ።

«ጢሱ ነው ፓፓ።»

እሳት አልነበረም። ፓፓ ራኬይ ግን ልባቸው ሞላ። ጎረምሳን የሚያስለቅስ ጠላ! ቱታይም ተራው ደርሶ ጠጣ፤ ጠጥቶም ጣሪያውን አየ፣ የጣሪያውን እያንዳንዱን ዘንባባ ቅጠል አየ፤ ከዚያ «ፓፓ፣ ዘንድሮ ብርቱካኑን የለቀሙት ከዛፍ ነው?» አለ።

«ከየት ሊለቀም ኖሯል?»

«እንዲያው ነው። አንዳንዱ በመረብ ያጠምድ ይሆናል ብዬ።»

«ቱታይ! ሕጉን እንዳትረሳ።»

«ስለ ብርቱካን ነው እንጂ ስለ ጽዋው ምን ወጣኝ!»

ዙሩ ቀጠለ። አንድም ሰው አልታለፈም። ሁሉም በየተራው ጠጣ፣ ሁሉም በየተራው ጣሪያ አየ። በዚያ ወቅት ስለዚያ ጣሪያ አሠራር ከአናጢው ይበልጥ የሚያውቁ ሰዎች ተፈጠሩ።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ አቤቱታ ነበር። ማማ ንጋፖኮ በራሪ ዓሣ በጨው አሽተው፣ በጨርቅ ቋጥረው፣ ፀሐይ ላይ በማድረቅ የታወቁ ናቸው። አንድ ቀን አንዱን ዓሣ አንሥተው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና ግራ ገባቸው።

«ሰውዬ፣ ይህ ዓሣ ብርቱካን ብርቱካን ይለኛል።»

«ነፋሱ ነው» አሉ ፓፓ ራኬይ ቀና ሳይሉ።

«የትኛው ነፋስ ነው ዓሣ ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥ? እስኪ አንተ አሽተው።»

ፓፓ ራኬይ ተቀብለው በረዥሙ ሳቡና እንደ ሐኪም ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ዓሣ ነው» አሉ። ይህን ለማወቅ አፍንጫ አያስፈልግም፤ ክንፉ ይታያል።

ነገሩ በዚህ ያልፍ ነበር፤ ሌናርድ ባይመጣ።

ሌናርድ ከሜልበርን የመጣ፣ በደሴቲቱ ምክር ቤት የተቀጠረ የውሃ አማካሪ ነው። እሱ ሳይመጣ የውሃ ታንከሮቹ ያፈስሱ ነበር፤ ከመጣ በኋላም ያፈስሳሉ፤ ልዩነቱ አሁን የሚያፈስሱት በጥናት መሆኑ ነው። እውነተኛ ሙያው ግን መቅመስ ነበር። በሰው አገር ሲኖር ይኸ ስንተኛው እንደ ሆነ ራሱም አያውቀውም፤ በሄደበት ሁሉ የአገሬው ሰው ምን ከምን ቀላቅሎ እንደሚጠጣ እየቀመሰ በኢንተርኔት ለዓለም ይጽፋል። እባብ የተነከረበት ጠጥቷል። ሴቶች አኝከው የተፉት ጠጥቷል። እነዚያ ሕዝቦች ፈረንጅ ሲመጣባቸው ብቻ እንደሚያወጡት ማንም አልነገረውም። በኪራይ ቤቱ በረንዳ ላይም የራሱን ይቀላቅላል፤ ፓፓያ፣ ሩም፣ የሎሚ ቅጠል፣ በላዩ ላይ ደግሞ ከወረቀት የተሠራች ጣት የምታህል ጃንጥላ። ፖሊሱ ቴአሪኪ አንድ ቀን ተጋብዞ ጃንጥላዋን ትክ ብሎ አያትና «መጠጡ ዝናብ ይፈራል እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ሌናርድ ይህንንም ጻፈው፤ የአገሬው ጥበብ ነው ብሎ።

ቱሙኑ ቤት የመጣ ዕለት ቅሉ ኳ ሲል ተነሥቶ ስሙን ተናገረ፣ አገሩን ተናገረ፣ ከዚያ የኖረበትን አገር ሁሉ መናገር ጀመረ። ገና ሳይጨርስ የፀሐዩ ጥላ ከአንዱ አግዳሚ ወደ ሌላው ተሻገረ።

«ለምን እንደ መጣህ ብቻ ንገረን፤ በየት በየት እንዳለፍህማ አውሮፕላኑ ያውቃል» አለ ቱታይ።

«የጥንቱን፣ ያልተበረዘውን ለመቅመስ ነው የመጣሁት።»

«በል ቅመስ።»

ፓፓ ራኬይ ቀድተው ሰጡት። እሱ ግን ጭልጥ አያደርገውም። ቅሉን ያዞረዋል፣ ብርሃን ላይ ይይዘዋል፣ አፍንጫውን ያስገባበታል። ጽዋው አንድ ነውና ሰዉ ሁሉ ምራቁን እየዋጠ ጠበቀ። የዚያን ሰሞን እንኳ የሚዋጠው ምራቅ ከጠላው ይሻል ስለ ነበር ብዙም አልተከፉ።

ሌናርድ ጠጣ። ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጠው የበራለት ሰው ይመስል ነበር።

«ባሕር!» አለ። «ብርቱካን ነው፣ ግን ከሥሩ ባሕር አለው! ጨው… የውቅያኖስ ትዝታ… ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ዓሣ! በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ቀምሼ አላውቅም።»

ቱታይ ሳል ያዘው። ቴአሪኪ የጫማውን ክር ይፈታና ያስር ጀመር፤ ነጠላ ጫማ ነበር ያደረገው።

«ልጄ» አሉ ፓፓ ራኬይ በትዕግሥት፣ «እዚህ ቤት ጽዋ አይታማም። ለዛሬ እንግዳ ነህና ምሬሃለሁ።» በልባቸው ግን ምስኪን አሉት። ብርቱካን ጠጥቶ ዓሣ የሚለው! እባቡ ነው ምላሱን ያበላሸበት።

ሌናርድ ጻፈ። ከዚያ ከትልቋ ደሴት ከራሮቶንጋ በሚመጣው ትንሽ አውሮፕላን አንድ ሁለት እያሉ ሰዎች ይመጡ ጀመር፤ ኮፍያ ያደረጉ፣ ፀሐይ የላጣቸው። እነሱም ቅሉን ያዞራሉ፣ ያሸታሉ፣ «አዎ፣ ባሕሩ!» ይባባላሉ። ፓፓ ራኬይ ስለ ባሕሩ ምንም አልገባቸውም፤ ክብሩ ግን ገባቸው። ሸሚዛቸውን ማስተኮስ ጀመሩ። ጸሎቱን አስረዘሙት። ቱታይንም «አንተ ደግሞ ጠጋ በል፣ ለእንግዶቹ ቦታ ልቀቅ» ማለት አመጡ። ለሃያ ዓመት የተጠበቀች ቦታ በአንዲት ቃል ሄደች።

አንድ ቀን ሌናርድ እየሮጠ መጣ። ራሮቶንጋ ካለ አንድ ሆቴል ሚስ ፑናንጋ የምትባል ሴት ቅዳሜ ትመጣለች፤ ጠላውን ከወደደችው ሆቴሉ በፓፓ ራኬይ ስም ለእንግዶቹ ያቀርበዋል።

«በስሜ?»

«በስምዎ ፓፓ። ‹የራኬይ ባሕር› እንለዋለን።»

ፓፓ ራኬይ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። ስማቸው ራሮቶንጋ ላይ ከተጻፈ እንግዲህ ከዚያ ወንበር ማን ያነሣቸዋል? ቱታይ ቢያስል፣ ቢያስነጥስ፣ ቢመኝ! አፍንጫቸው አልመጣም፤ ቢመጣም ባይመጣም እንግዲህ ፈቃዱ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት የበርሜሉን አፍ ለመወልወል ብለው ጨርቃቸውን ከገመዱ ላይ ሳቡ።

«ኧረ ወዴት? የዓሣዬን ጨርቅ ወዴት ነው የምትወስደው?» አሉ ማማ ንጋፖኮ ከጓዳ።

«የዓሣ አይደለም፤ የእኔ ማጥለያ ነው።»

«ያንተማ ያ ነው፤ ጫፍ ላይ የተሰጣው።»

ሁለቱም ጨርቆች ከአንድ የዱቄት ጆንያ የተቀደዱ መንትዮች ናቸው። ድሮ ፓፓ ራኬይ ዓይናቸውን ጨፍነው በሽታቸው ይለዩዋቸው ነበር። አሁን አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ ይዘው ቆሙ።

«አሽተው እንጂ! ምኑ ይቸግራል?»

አንዱን አፍንጫቸው ላይ አድርገው በረዥሙ ሳቡ። ፊታቸውን የሸተተው ሰው ፊት አስመሰሉት። «ብርቱካን» አሉ።

ማማ ንጋፖኮ መጡና ጨርቁን ወስደው አሸተቱት። ከዚያ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጡ።

«አሁንም አልተመለሰልህም ማለት ነው?»

«ምኑ?»

«አፍንጫህ ነዋ።»

ፓፓ ራኬይ እጃቸው ላይ የቀረውን ሌላውን ጨርቅ ያጣጥፉ ጀመር።

«አምና ጥቁር ድንጋይ እስኪመስል ያረረውን ታሮ በላህልኝና ‹እጅሽ ይባረክ› አልከኝ። አርባ ዓመት ስንኖር እጄን ባርከኸው አታውቅም። ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«አንተስ ምነው ዝም አልክ? ዝም ያልከውን ሰውዬ ምን ብዬ ልጀምርህ? ጨው ለራሴ እየቀመስኩ ስሠራልህ ከረምሁ።» ጨርቁን እንደ ገና አሸተቱት። ዓሣው ነበረበት፤ ከዓሣው ሥር ደግሞ ብርቱካኑ። ከንፈራቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ፓፓ ራኬይ የሚያለቅሱ መሰላቸው። «ይኸ ሁሉ ወር… ያ ምስኪን ፖሊስ… ያ ቱታይ… ዓሣ ሲጠጡ!» አሉና ከባልዲው ላይ ሊወድቁ እስኪደርሱ ሳቁ።

ፓፓ ራኬይ አልሳቁም። የቴአሪኪ እንባ ታያቸው። ጣሪያ የሚያዩት ዓይኖች ሁሉ ታዩዋቸው። «ባሕር!» የሚለው ቃልም ጆሯቸው ላይ ጮኸ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል እውነቱን የነገራቸው ያ ምስኪን ፈረንጅ ብቻ ነበር፤ እሱም እያመሰገነ።

«ዛሬ ሴትዮዋ ትመጣለች» አሉ።

«ንገራቸዋ።»

«ቱታይ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል።»

«ይቀመጣ! የእሱ ወንበር ላይ መቀመጥ ምን ያደርገኛል? አንተ እቤት መቀመጥህ ነው እኔን የሚያስፈራኝ።»

ከሰዓት በኋላ ቱሙኑ ቤት ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ሌናርድ አበባ ያለበት ሸሚዝ ለብሶ፣ ኪሱ ውስጥ የወረቀት ጃንጥላዎች ይዞ መጣ። ፓፓ ራኬይ ወንበራቸው ላይ ናቸው። ሊናገሩ ይሁን ላይናገሩ ራሳቸውም አላወቁም፤ በአንድ በኩል ‹የራኬይ ባሕር› አለ፣ በሌላው ባልዲ ላይ ተቀምጣ የምትስቅ ሴት። ቅሉ ኳ አለ። ጸሎት ተደረሰ። ሚስ ፑናንጋ ተነሣች። ፈረንጅ አልነበረችም፤ የራሮቶንጋ ልጅ ናት፣ ባለ ተረከዝ ጫማ ያደረገች፣ በጠጠሩ ላይ ስትመጣ ሦስት ሰዎች ደግፈዋታል።

«ስሜ ፑናንጋ ነው። የመጣሁት ከራሮቶንጋ ነው፤ አያቴ ግን የጎረቤታችሁ የሚቲያሮ ደሴት ሰው ነበረች፣ ዓሣ ስታደርቅ ነው ያሳደገችኝ። የመጣሁትም ልቀምስ ነው።»

ፓፓ ራኬይ ቀድተው ሰጧት። በሁለት እጇ ተቀበለች፤ ወደ አፏ ስታስጠጋው አፍንጫዋ ቀድሞ ደረሰ። ለአፍታ ያህል ቆመች። ከዚያ ቀስ ብላ ቀና አለችና ጣሪያውን አየች።

ያን ፊት ፓፓ ራኬይ አወቁት። እነዚያን ሁሉ ወራት ፊታቸው ተቀምጦ የነበረው ያው ፊት ነው፤ የይሉኝታ ፊት። አሁን ገና ነው ማንበብ የቻሉት።

«ቆይ ልጄ፣ አትጠጪው» አሉና ቅሉን ከእጇ ወሰዱ። ጠላውን ከጀርባቸው ደፉት። ቅሉን በርሜሉ ላይ ኳ! አደረጉት። «አንድ እንግዳ ይቀረናል።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ፓፓ ራኬይ ተነሡ።

«ስሜ ራኬይ ነው።»

«እናውቅዎታለን ፓፓ፤ ይቀመጡ፣ ጉልበትዎን» አለ ቱታይ።

«አታውቁኝም። ስሜ ራኬይ ነው። የመጣሁት እዚህ ከታሮ ማሳው ጀርባ ካለው ቤት ነው። ከትኩሳቱ ወዲህ ማሽተት አልችልም። መቅመስም አልችልም። ብርቱካኑን ያጠለልኩት ዓሣ በተቋጠረበት ጨርቅ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ነው ያወቅሁት። ለምን እንደ መጣሁ ንገረን ካላችሁ ደግሞ…» የቅሉን ከንፈር በአውራ ጣታቸው ጠረጉ። «ወንበሩን ስለምወደው ነው።»

ቅሉን በርሜሉ ላይ ደፍተው ወንበሩን ለቀቁ። የተደፋ ቅል ማለት ቀጂ የለም ማለት ነው።

መጀመሪያ የተሰማው የቴአሪኪ ድምፅ ነበር። «ተመስገን!» አለ ፖሊሱ። «እኔ እኮ አፌ ውስጥ የሆነ ነገር የሞተ መስሎኝ ሁለቴ ነርሷ ጋ ሄጃለሁ! ጥርሴን ልትነቅለው ነበር!»

ከዚያማ ግድቡ ተናደ። አንዱ የአጎቱን ታንኳ ሥር የመላስ ያህል ነው አለ። ሌላው በሕልሙ ሻርክ ሆኖ ማደር ከጀመረ መሰንበቱን ተናገረ። ሲታፈን የከረመ ሐሜት ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ፤ ሰዎቹን እንዲህ ደስ ብሏቸው አያውቅም። ፓፓ ራኬይ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀምጠው ሰሙት።

«አንተስ?» አሉት ቱታይን። «መቼ ነው ያወቅኸው?»

«የመጀመሪያው ቀን፣ የመጀመሪያው ጽዋ ላይ።»

«ምነው ታዲያ አልተናገርክ? ወንበሩን ትፈልገው የለም?»

«ሕጉስ? የተናገረ ሦስት ዙር ይታለፋል።»

«ከዚያ ጠላ መታለፍ ቅጣት ነው?»

ቱታይ አሰበበት። «ቅጣቱስ ጠላው ነው። መታለፉ ግን ውርደት ነው። ሰው ቅጣቱን ይችላል ፓፓ።»

በዚህ ሁሉ መሐል ሌናርድ እንደ ቆመ ነበር። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ይመስላል።

«ግን… ባሕሩስ?» አለ።

«ባሕሩ የሚስቴ ዓሣ ነው።»

«ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈው ምስጢር…»

«የዱቄት ጆንያ ነው ልጄ።»

«ለዓለም ጽፌአለሁ እኮ!»

«አይዞህ» አለ ቱታይ፣ «ዓሣ ነው ብለህ ብታርመው ማንም አያምንህም።»

ከዚያ ቱታይ ተነሣ። ወደ በርሜሉ ሄዶ የተደፋውን ቅል አነሣው። ፓፓ ራኬይ መሬት መሬት አዩ። ሃያ ዓመት የተጠበቀ ነገር ሲደርስ ማየት ጥሩ አይደለም። ቱታይ ቅሉን አገላብጦ አየው፣ አሸተተው፣ ፊቱን አጨማደደው፤ ከዚያ መጥቶ የሽማግሌው እጅ ላይ አስቀመጠው።

«እኔ ወንበሩን ስመኝ የኖርኩት ከእርስዎ ላይ ልነጥቀው ነው። እንዲህ እንደ ተረፈ ምግብ ሲሰጡኝ ምኑ ደስ ይላል? ይነሡና ይቀመጡ! በጥንስስ ቀን ግን አፍንጫዬን ይዤ እመጣለሁ።»

ፓፓ ራኬይ ቅሉን ይዘው ትንሽ ቆዩ። ጉልበታቸው አሟቸው ነው እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም። ተነሥተው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና ኳ! አደረጉት። ውሻው ማከኩን አቆመ።

«ሁላችሁም ስለ ጽዋው ተናግራችኋል» አሉ። «ሦስት ዙር ታልፋላችሁ።»

ይህ ፍርድ በዚያ ቤት ታሪክ በእልልታ የተቀበሉት የመጀመሪያው ፍርድ ሆነ።

ሚስ ፑናንጋ ወደ አውሮፕላኑ ከመሄዷ በፊት ማማ ንጋፖኮ ቤት ጎራ አለችና ከደረቀው ዓሣ አንዱን ቆርሳ ቀመሰች። ቆመች። ጣሪያ አላየችም። «ብርቱካን አለበት!» አለች። ሆቴሉ የወሰደው ጠላውን ሳይሆን ዓሣውን ሆነ፤ በማማ ንጋፖኮ ስም። ፓፓ ራኬይ ስማቸው ራሮቶንጋ እንዲጻፍ ጸልየው ነበር፤ ጸሎቱ ደረሰ፣ አድራሻው ብቻ ነው የተሳሳተው። ማማ ንጋፖኮ ከዚያ ወዲህ በማጥለያው ጨርቅ ጫፍ ላይ ቀይ ክር ሰፍተውበታል። የዓሣው ጨርቅ ደግሞ ሆን ተብሎ የብርቱካን ጭማቂ ውስጥ ይነከራል።

ሌናርድ አሁንም ይመጣል። ጥራት ያለውን ጠላ ቀምሶ «ይኸ ለቱሪስት ተብሎ የቀለለ ነው» ብሎ አዘነ። ስለዚህ የእሱ ተራ ሲደርስ ፓፓ ራኬይ የዓሣውን ጨርቅ ጫፍ በጽዋው ውስጥ ነከር አድርገው ይሰጡታል። ዓይኑን ይጨፍናል። «ይኸ ነው እውነተኛው» ይላል። ሦስት ዙር ይታለፋል፤ እሱም ይህ ሥርዓቱ ነው ብሎ ይጽፈዋል።

ቱታይ በጥንስስ ቀን አፍንጫውን በርሜሉ ውስጥ ከትቶ ያማርራል። «ዕድሜ ልኬን ወንበር ስመኝ አፍንጫ ሆኜ ቀረሁ» ይላል። ቦታው ግን ተመልሶለታል፤ ከቀጂው ቀጥሎ።

አዲሱ ጠላ የደረሰ ዕለት ዙሩ ሲያበቃ እንደ ወጉ የመጨረሻው ጽዋ የፓፓ ራኬይ ሆነ። በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት። ቀዝቃዛ ነበር፣ እርጥብ ነበር፤ ሌላ ምንም አልነበረም። ቅሉን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ቱታይ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለ።

«ጣፍጧል» አላቸው በሹክሹክታ።

ሕጉ ግልጽ ነው። የሰሙ ሌሎች ሰዎችም ነበሩ፤ ቴአሪኪ እንኳ ቀጂው ምን እንደሚፈርዱ ለማየት ቀና ብሎ ነበር። ፓፓ ራኬይ ጣሪያውን አዩ። ዘንባባውን አንድ በአንድ አዩት። ከዚያ ሁለተኛው ዙር ሲጀመር የቱታይን ጽዋ እስከ አፉ ሞልተው ሰጡት።